የሰነበተ የሕፃናት ተቅማጥ በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ

የሰነበተ ተቅማጥ (ለረጅም ጊዜ የቆየ ተቅማጥ) እንደ ማንኛውም ተቅማጥ በድንገት ጀምሮ 14 ቀንና ከዚያ በላይ የሚቆይ የሕፃናት ሕመም ነው። ይበልጥ የሚያጠቃው ተጨማሪ ምግብ መጀመር፣ መዳህና መራመድ በሚገጣጠሙበት ዕድሜ፣ ማለትም ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው። በጎንደር ከተማ፣ ከከተማዋ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ባሉት የወገራ፣ የዳባትና የደባርቅ አካባቢዎች እንዲሁም በሰሜን ተራሮች ባለው ጃናሞራ ሕመሙ ከውሃ እጥረት፣ ከአመጋገብና ከቆዩ ልማዶች ጋር የተያያዘ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁን ለሞት የሚያሰጋው ከሰውነቱ የሚወጣው ፈሳሽ ነው። ተቅማጡ ሲሰነብት ግን ሌላ አደጋ ይጨመራል፤ እሱም የምግብ እጥረት ነው። ስለዚህ የሰነበተ ተቅማጥ ሕክምና ዋናው ክፍል ልጁን መመገብ ነው።

ትርጓሜና ዓይነቶች

አንድ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ቀጭን ወይም ውሃማ ሰገራ ከወጣው ተቅማጥ ይዞታል ይባላል። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ሰገራው በተፈጥሮው ለስላሳ ስለሆነ በእርሱ ላይ የሚታየው ከወትሮው መለወጡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ተቅማጥን በሦስት ይከፍለዋል፤ ከ14 ቀን በታች የሚቆየው አጣዳፊ ተቅማጥ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥና 14 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የሚቆየው የሰነበተ ተቅማጥ ናቸው። የሰነበተ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ሰውነቱ ፈሳሽ ያጣበት ምልክት ካለው ሕመሙ «ከባድ የሰነበተ ተቅማጥ» ተብሎ ይመደባል፤ ልጁም ወደ ሆስፒታል ይላካል።

ተቅማጥ ለምን ይሰነብታል?

የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ምግብ በሚመጡ እጅግ ጥቃቅን ጣት መሰል አካላት የተሸፈነ ነው። ተሕዋስያን ሲያጠቁት እነዚህ ይጎዳሉ፤ አንጀቱም ምግብ የመምጠጥ አቅሙ ይቀንሳል። ጤናማ ልጅ ላይ ግድግዳው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታደሳል። ለመታደስ ግን ፕሮቲን፣ ዚንክ፣ ቫይታሚን ኤ እና በቂ ጉልበት ሰጪ ምግብ ያስፈልገዋል። ልጁ ቀድሞውኑ የተቀነጨረ ወይም የቀጨጨ ከሆነ፣ ወይም በሕመሙ ምክንያት ምግብ ከተከለከለ፣ አንጀቱ የሚታደስበትን ያጣል። ያልተመጠጠው ምግብም ተቅማጡን ያራዝመዋል። በዚህ አዙሪት ውስጥ ተቅማጥ የምግብ እጥረትን፣ የምግብ እጥረትም ተቅማጥን ያባብሳል።

የወተትን ስኳር (ላክቶስን) የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም የሚገኘው በዚሁ የአንጀት ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ሲጎዳ ኢንዛይሙ ስለሚያንስ አንዳንድ ልጆች የላም ወተት ሲጠጡ ተቅማጡ ይብስባቸዋል። ብዙውን ጊዜ ይህ ጊዜያዊ ነው፤ አንጀቱ ሲያገግም ይመለሳል።

መንስኤዎች

የሰነበተ ተቅማጥ አንድ መንስኤ ብቻ የለውም። በመጀመሪያ ሕመሙን የሚያስነሱት ሮታ ቫይረስን የመሳሰሉ ቫይረሶች፣ ሺጌላና የተለያዩ የኢ. ኮላይ ዝርያዎች፣ እንዲሁም ጃርዲያና ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስያን ናቸው። በተለይ ክሪፕቶስፖሪዲየም ከመሰንበት ጋር በተደጋጋሚ ይያያዛል፤ የኤች አይ ቪ ቫይረስ ባለባቸው ልጆች ላይ ደግሞ እጅግ ይከብዳል። በዚህ ምክንያት ተቅማጡ የሰነበተበት ልጅ የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲደረግለት ይመከራል። የጆሮ፣ የሳምባ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ተቅማጡን ሊያራዝም ስለሚችል ሐኪሞች እነዚህን አብረው ይፈልጋሉ።

«አሜባ» እና «ጃርዲያ» የሚሉት ስሞች በከተማም በገጠርም የታወቁ ናቸው፤ የሆድ ሕመም ሁሉ «አሜባ ነው» መባሉም የተለመደ ነው። ሆኖም በትናንሽ ልጆች ላይ አሜባ የተቅማጥ መንስኤ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። በሰገራ ምርመራ የሚታየውም ብዙ ጊዜ ጉዳት የማያደርሰው፣ በማይክሮስኮፕ ግን ከጎጂው የማይለይ ዝርያ ሊሆን ይችላል።

የአካባቢው ሁኔታ

ውሃ፦ ጎንደር ከተማ ለረጅም ጊዜ በዋናነት የምትጠቀመው ከአንገረብ ግድብ ነው። ግድቡ በደለል እየተሞላ መሄዱና የሕዝቡ ቁጥር መጨመሩ የውሃ አቅርቦቱን አሳንሶታል። ቧንቧ በፈረቃ ሲመጣ ቤተሰብ ውሃን በጀሪካንና በበርሜል ለቀናት ያጠራቅማል። ከቧንቧ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳ ውሃም በጣሳ ሲጨለፍና እጅ ሲነካው በቤት ውስጥ ይበከላል። በደጋው ገጠር ደግሞ ምንጭና ወንዝ የሚጠቀም ቤተሰብ ብዙ ነው፤ በክረምት ጎርፍ ከሜዳ ላይ የሰውና የከብት ዓይነ ምድር ወደ ምንጩ ያወርዳል።

ቤትና ከብት፦ በደጋው ብርድ ምክንያት ጥጃ፣ በግና ዶሮ ሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደራቸው የተለመደ ነው። ክሪፕቶስፖሪዲየም ከጥጆች፣ ካምፒሎባክተር የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ ከዶሮዎች ወደ ሰው ይተላለፋል። በመሬት ላይ የሚድህና ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚያስገባ ሕፃን ለእነዚህ በቀላሉ ይጋለጣል።

አመጋገብ፦ የደጋው ዋና እህል ገብስ ነው። ለሕፃን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ በቂ ጉልበት አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 ከመቶ ያህሉ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ የአገሪቱ አማካይ 38 ከመቶ ነበር። ይህም ማለት ብዙ ልጆች ተቅማጥ ሲይዛቸው የሚገጥሙት በደከመ ሰውነት ነው።

ጾም፦ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ7 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን እንዲጾሙ አታዝዝም። ይሁንና ዓቢይ ጾምን በመሰሉ ረጅም አጽዋማት በቤት ውስጥ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ ስለማይዘጋጅ ሕፃኑ ሳይጾም የጾመ ያህል ይሆናል። አንዳንድ እናቶች የጾም ዕቃ እንዳይነካካ በመስጋት የፍስክ ምግብ ከማብሰል ይቆጠባሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለሕፃኑ የራሱ ትንሽ ድስት፣ ሳህንና ማንኪያ እንዲለይለት የሚመክሩት ለዚህ ነው።

ልማዳዊ እምነቶችና ድርጊቶች

በአካባቢው የሕፃን ተቅማጥ ከጥርስ ማብቀል፣ ከብርድ፣ ከምች፣ ከቡዳ ወይም ከእንጥል መውረድ ጋር ይያያዛል። ጥርስ የሚበቅልበት ዕድሜ ልጁ ተጨማሪ ምግብ ከሚጀምርበትና ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ከሚያስገባበት ጊዜ ጋር ስለሚገጥም ሁለቱ መያያዛቸው አያስገርምም። ጥርስ ማብቀል ግን ለቀናት የሚዘልቅ ተቅማጥ አያመጣም።

ከእነዚህ እምነቶች የሚመነጩ ሁለት ድርጊቶች ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ይመደባሉ። አንደኛው የወተት ጥርስ ማስነቀል ነው፤ ያልበቀለውን የጥርስ እምቡጥ ከድድ ውስጥ በስለታም ነገር ማውጣት ማለት ነው። ሁለተኛው እንጥል ማስቆረጥ ነው። ሁለቱም ደም መፍሰስን፣ ኢንፌክሽንንና ቴታነስን ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ አፉ የቆሰለ ሕፃን ደግሞ ጡትም ምግብም እምቢ ይላል። ተቅማጡ እንዳለ ሆኖ የምግብ መግቢያው ይዘጋል ማለት ነው። ለኮሶ ትል የሚጠጡት ኮሶ፣ መተሬና እንቆቆም ለሕፃን መርዛማ ሊሆኑ ይችላሉ።

ብዙም የማይታወቅ፣ ነገር ግን ሰፊ ጉዳት ያለው ልማድ «ሆዱ ይረፍ» በማለት ምግብና መጠጥ መቀነስ ነው። የሚጠጣው ሁሉ በተቅማጥ ሲወጣ የምታይ እናት ማጠጣቱን ብታቆም ተቅማጡ የሚያቆም ይመስላታል። እናት እንደገና ስታረግዝ «ወተቱ ተበላሽቷል» ብሎ ጡት ማስጣልም ከዚሁ የሚመደብ ነው። የጡት ወተት በእርግዝናም ሆነ በተቅማጥ ጊዜ አይበላሽም። ቤተሰቡ ልጁን ጸበል የሚወስደው ከሆነም ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩ፣ ዚንኩና ምግቡ ጎን ለጎን ሳይቋረጡ መቀጠል ይኖርባቸዋል።

እንክብካቤና ሕክምና

ፈሳሽ፦ በኢትዮጵያ «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» በመባል የሚታወቀው የግሉኮስና የጨው ቅልቅል በእያንዳንዱ ደረጃ መነሻ ነው። አሠራሩ የተመሠረተው አንጀት በተቅማጥ ጊዜም ቢሆን ግሉኮስና ጨውን አብሮ የመምጠጥ አቅሙን ስለማያጣ ነው፤ ውሃውም እነርሱን ተከትሎ ይገባል። ለ1 ሊትር የተዘጋጀው ፓኬት የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፤ የ1 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ለመለኪያነት ያገለግላል። ውሃው ካነሰ ጨው ይበዛበታል፣ ከበዛ ደግሞ ጥቅሙ ይቀንሳል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ቀጭን ሰገራ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከ2 ዓመት በላይ ላለ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። የሚሰጠው በማንኪያ ቀስ እያለ ነው። ልጁ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና በዝግታ መቀጠል ይገባል። ለስላሳ መጠጥ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ጭማቂ ተቅማጡን ስለሚያባብሱ አይመከሩም።

ዚንክ፦ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ሁሉ ዚንክ እንዲሰጥ ይመክራሉ። መጠኑ ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከ6 ወር በታች ለሆነ 10 ሚሊ ግራም ሲሆን ለ10 እስከ 14 ቀናት ይወሰዳል። ተቅማጡ በ3ኛው ቀን ቢቆምም እንኳ ኪኒኑ መጨረስ አለበት። ዚንክ የአንጀቱን ግድግዳ ለመጠገንና በቀጣዮቹ ወራት ሌላ ተቅማጥ እንዳይመጣ ለመቀነስ ይረዳል። የሰነበተ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ቫይታሚን ኤ እና ሌሎች ቫይታሚኖችና ማዕድናትም ይታዘዙለታል።

ምግብ፦ ጡት የሚጠባ ልጅ ቀንም ሌሊትም አዘውትሮና ረዘም ላለ ጊዜ እንዲጠባ ይደረጋል። የላም ወተት የሚጠጣ ከሆነ የሕክምና መመሪያው ሦስት አማራጭ ያቀርባል፤ ወተቱን በጡት መተካት፣ በእርጎ መተካት፣ ወይም ግማሹን በወፍራም ገንቢ ምግብ መተካት ነው። ወተት ሲረጋ የላክቶሱ አንድ ክፍል ስለሚቀንስ እርጎ ለተጎዳ አንጀት ይቀላል። በደጋው ቤት ሁሉ የታወቀ ምግብ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ወተቱ ግን ከመርጋቱ በፊት መፍላት፣ ዕቃውም በፈላ ውሃ መታጠብ አለበት።

ምግቡ በቀን 6 ጊዜ ያህል በትንሽ በትንሹ ይሰጣል። ከገብስ ወይም ከጤፍ ዱቄት ከባቄላ፣ ከአተር ወይም ከሽምብራ ዱቄት ጋር ተመጥኖ የተሠራ ገንፎ በዘይት ወይም በቅቤ ሲለወስ፣ እንቁላልም ሲጨመርበት የልጁን ፍላጎት በተሻለ ያሟላል። ገንፎው ማንኪያ ላይ የሚቆም እንጂ እንደ ውሃ የሚፈስ መሆን የለበትም። ልጁ ወፍራሙን መዋጥ ካቃተው ውሃ ከመጨመር ይልቅ ጥቂት የብቅል ዱቄት ጨምሮ እንደገና ማፍላት ይቻላል። ለጠላ የሚዘጋጀው የበቀለ ገብስ ስታርችን የሚፈጭ ኢንዛይም ስላለው ገንፎው ጉልበቱ ሳይቀንስ ይቀጥናል። ተቅማጡ ከቆመ በኋላ ልጁ የወረደ ክብደቱን እንዲመልስ ቢያንስ ለ1 ወር በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ይሰጠዋል።

መድኃኒት፦ አብዛኛው የሰነበተ ተቅማጥ በፀረ ባክቴሪያ አይድንም። ፀረ ባክቴሪያ የሚታዘዘው ደም ለቀላቀለ ተቅማጥ፣ ለኮሌራ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ሲገኝ ነው። ሜትሮኒዳዞል ጃርዲያ ወይም አሜባ በምርመራ ሲታይ ይሰጣል። ካለ ምርመራ ከፋርማሲ እየገዙ ደጋግሞ መስጠት የአንጀትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጎዳል፤ ራሱም ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ሎፐራሚድን የመሰሉ ተቅማጥ አቋሚ ኪኒኖች ለሕፃናት አይሰጡም።

የአደጋ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ልጁ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት፦

- መጠጣት ወይም መጥባት አለመቻል፣ የሚወስደውን ሁሉ ማስመለስ
- መፍዘዝ፣ ራስን መሳት ወይም የሰውነት መንቀጥቀጥ
- የዓይን ወይም የእርግብግቢት መሰርጎድ፣ በጥማት መነጫነጭ
- የሆድ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ አለመመለስ፤ ከ2 ሰከንድ በላይ ከቆየ የፈሳሽ እጥረቱ ከባድ ነው
- በሰገራ ውስጥ ደም፣ ወይም ትኩሳት
- የሁለቱም እግሮች እብጠት ወይም የሚታይ መቀጨጭ

ከ6 እስከ 59 ወር ባለ ልጅ የክንድ መሐል ዙሪያ ልኬቱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት አለበት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ የምግብ ፍላጎት ካለውና ሌላ ችግር ከሌለበት እንደ ፕላምፒ ነት ያለ ገንቢ ምግብ እየወሰደ በቤቱ ይታከማል። የሰነበተ ተቅማጥ ከፈሳሽ እጥረት ጋር ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ካለበት ግን ተኝቶ ይታከማል። የአደጋ ምልክት የሌለበት ልጅ የአመጋገብ ምክር ተሰጥቶት ከ5 ቀን በኋላ እንደገና ይታያል።

የሚሰነብት ተቅማጥ ሁሉ አደገኛ አይደለም። ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ፣ ክብደታቸው በደንብ በሚጨምርና በሚጫወቱ ልጆች ላይ ያልተፈጨ ምግብ የሚታይበት ቀጭን ሰገራ ለወራት ሊመላለስ ይችላል። ጭማቂና ጣፋጭ ሲቀነስ ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። ሁለቱን ለመለየት ዋናው መንገድ የልጁን ክብደት በየጊዜው መመዘን ነው።

የጤና አገልግሎት

ጎንደር በኢትዮጵያ የሕዝብ ጤና ታሪክ ልዩ ቦታ አላት። እ.ኤ.አ. በ1954 በከተማዋ የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የጤና መኮንኖችን፣ የኮሙኒቲ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። ሐሳቡ ሕመምን ከመነሻው፣ ከውሃ፣ ከመጸዳጃና ከምግብ ጀምሮ መከላከል ነበር። ተቋሙ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ሆስፒታሉ ለአካባቢው ከፍተኛው የሪፈራል ተቋም ነው። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ የነዋሪዎችን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት የሚከታተል የጥናት ማዕከል አለው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ ሴት ሠራተኞችን መድቧል። እነዚህ ሠራተኞች ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ ይሰጣሉ፣ ክንድ ይለካሉ፣ የከበደውን ይልካሉ። በሰሜን ተራሮች ገደላማ ቀበሌዎች ጤና ጣቢያ ለመድረስ የሰዓታት የእግር ወይም የበቅሎ መንገድ ስለሚያስፈልግ የጤና ኬላው ቅርበት ወሳኝ ነው።

ዳሰሳው በተካሄደበት ጊዜ ከነበሩት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ተቅማጥ የያዛቸው ከ5 ዓመት በታች ልጆች በአገር አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2000 24 ከመቶ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 12 ከመቶ ወርደዋል።

መከላከል

እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ማጥባትና እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ መቀጠል ቀዳሚው መከላከያ ነው። የሮታ ቫይረስ ክትባት በኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. መሰጠት የጀመረ ሲሆን ሕፃኑ 6ኛና 10ኛ ሳምንቱ ላይ በአፉ ይወስደዋል። ከኩፍኝ በኋላ የሚመጣ ተቅማጥ ስለሚከብድ የኩፍኝ ክትባትም ይረዳል።

ውሃን ማፍላት ክሪፕቶስፖሪዲየምን ጨምሮ ሁሉንም የተቅማጥ ተሕዋስያን ይገድላል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው፤ በደባርቅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በመሆኑም ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉ ቦታዎች ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። እንደ ውሃ አጋር ያሉ የክሎሪን ማከሚያዎች ብዙ ባክቴሪያና ቫይረስ ይገድላሉ፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም ግን ክሎሪንን ይቋቋማል። የተፈላው ውሃ አፈ ጠባብ በሆነና ክዳን ባለው ዕቃ ተቀምጦ በመቅዳት እንጂ በጣሳ በመጥለቅ መወሰድ የለበትም።

ሕፃኑን ካጸዱ በኋላ፣ ምግብ ከማዘጋጀትና ከማጉረስ በፊት እጅን በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለ በአመድ መታጠብ፣ የሕፃኑን ዓይነ ምድር መጸዳጃ ውስጥ መጣል፣ ዶሮና ጥጃን ሕፃኑ ከሚድህበት ቦታ ማራቅ በየቤቱ ሊደረጉ የሚችሉ ናቸው። ውሃ የምትቀዳው፣ የምትጋግረውና ሕፃኑን የምትንከባከበው አንዲት እናት በሆነችበት ቤት ግን ለ2 ሳምንት በቀን 6 ጊዜ መመገብ ብቻዋን የምትወጣው ሥራ አይደለም። ስለዚህ ምክሩ ለእናቲቱ ብቻ ሳይሆን ለአባትና ስለ ልጁ አያያዝ ተሰሚነት ላላት አያትም መድረስ ይኖርበታል።